ጎልድዊንግ በሊትር ስንት ትሄዳለች?

ትልቅ ሞተር ሳይክል ቆማ ያየ ሰው መጀመሪያ ዋጋዋን ይጠይቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ የታወቀ ነው፦ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ለረጅም መንገድ የተሠሩትን ግን እንዲህ በአንድ ቁጥር መመለስ ያስቸግራል። ነጂው ያው፣ ቤንዚኑም ያው ሆኖ የዛሬውና የነገው ውጤት ሊራራቅ ይችላል። ለምን እንደሆነ ለማየት የሆንዳዋን ጎልድዊንግ እንያዝ።

ጎልድዊንግ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1974 በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ፣ በሞተር ሳይክል ትርኢት ላይ ነው። ያኔ ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 999 ሲሲ ነበር። ከፊቷ ምንም የንፋስ መከላከያ አልነበራትም፤ ነጂው ንፋሱን በደረቱ ይቀበላል። ፋብሪካው ራሱ መከላከያ የገጠመላት ሞዴል የመጣው በ1980 ነው። በ1988 ሞተሯ 6 ሲሊንደርና 1520 ሲሲ ሆነ፣ በ2001 ደግሞ 1832 ሲሲ ደረሰ። ሻንጣው፣ ራዲዮው፣ ሶፋ የመሰለው መቀመጫ ሁሉ ሲደማመር ክብደቷ ከ400 ኪሎ አለፈ። በ2018 ሞዴል ላይ ሆንዳ ውፍረቷን ቀነሰላት። የነዳጅ ታንኳም ከ25 ወደ 21 ሊትር ወረደ፤ የምትጠጣው ስለቀነሰ ትንሽ ታንክ ይበቃታል ተብሎ ነው። የፋብሪካው ቁጥር በ100 ኪሎ ሜትር 5.6 ሊትር ገደማ ይላል። በኛ አነጋገር በሊትር 18 ኪሎ ሜትር አካባቢ ማለት ነው።

ይህንን አንዲት ትንሽ የቤት መኪናም ታደርገዋለች። ታዲያ ሁለት ጎማ ያላት ነገር እንዴት የመኪና ያህል ትጠጣለች?

ዋናው ጥፋተኛ አየሩ ነው። መኪና ከፊት እስከ ኋላ ለስላሳ ሆኖ የተቀረጸ ስለሆነ አየሩ ተንሸራቶበት ያልፋል። ሞተር ሳይክል ላይ ግን የነጂው ትከሻና ክርን፣ መስታወቱ፣ ሻንጣው፣ ክፍት ጎማው ሁሉም አየሩን ያምሰዋል። ይህ ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ90 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትወጣ ፍጥነትህ የጨመረው በሲሶ ነው፤ አየሩ የሚገፋህ ኃይል ግን በ78 በመቶ ይጨምራል። ፍጆታው ያንኑ ያህል አያሻቅብም፤ ግን ኪስህ ለውጡን ያውቀዋል። በኔ እምነት ስለ ነዳጅ ቁጠባ ከሚወራው ግማሹ ቀርቶ ስለዚህች ካሬ ብቻ ቢወራ ይሻል ነበር።

ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በ100 እየነዳህ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ንፋስ ከፊትህ ቢመጣ፣ አየሩ የሚያይህ በ130 እንደምትሄድ አድርጎ ነው። ተቃውሞው 69 በመቶ ይጨምራል። ስመለስ ንፋሱ ከኋላ ይገፋኛል፣ ይካካሳል የሚል ሰው አለ። አይካካስም። ሒሳቡን ብትሠራው የደርሶ መልሱ አማካይ ተቃውሞ ንፋስ ከሌለበት ቀን በ9 በመቶ ይበልጣል። ከፊት ያለው የንፋስ መከላከያ መስታወትም የራሱ ድርሻ አለው። ሽቅብ ሲነሳ ለነጂው ምቾት ነው፤ ለአየሩ ደግሞ ሰፋ ያለ ግድግዳ።

ክብደት ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም፣ ቢያንስ ሜዳ ላይ። እኩል ፍጥነት ይዘህ ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ከሆንክ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ባለቤትህ በነዳጁ ላይ የምታመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ነጂው ንፋሱን ስለሚከልላት አየሩንም ብዙ አታስቸግርም። ክብደት የሚከፈልበት ከተማ ውስጥና ዳገት ላይ ነው። መብራት ላይ ቆመህ በተነሳህ ቁጥር ያንን ሁሉ ኪሎ እንደ አዲስ ታንቀሳቅሳለህ፤ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ደግሞ የከፈልክበትን ጉልበት ወደ ሙቀት ቀይረህ ትጥለዋለህ። ከኋላ ተጎታች የሚያስሩትማ ሁለቱንም፣ ክብደቱንም አየሩንም፣ አብረው ይጎትታሉ።

ማርሹም ልዩነት አለው። ትልቅ ሞተር ቀስ ብሎ ሲዞር ይቆጥባል። የ2018ቷ ጎልድዊንግ ባለ 7 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት አለች፤ ኢኮን በሚባለው አነዳድ ላይ ስትሆን ማርሹን ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ትቀይራለች። የጎማ ንፋስ ላይ ፋብሪካው ከፊት 36፣ ከኋላ 41 ፒኤስአይ ይላል። የጎደለው ጎማ ሲሽከረከር ስለሚታሽ ጉልበት ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ይህንን ማንኛውም ጎሚስታ በነፃ ይነግርሃል።

ወደ ማደያው እንምጣ። ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ውድ ቤንዚን ለዚህች ሞተር ሳይክል አያስፈልጋትም፤ የተሠራችው በተራው እንድትሄድ ነው። ኢታኖል የሚባለው አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን ግን ለውጥ ያመጣል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፣ ጉልበቱም ከንጹሑ በ3 በመቶ ገደማ ያንሳል። ኢትዮጵያም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣውን ኢታኖል አዲስ አበባ ላይ መቀላቀል የጀመረችው በኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ነበር። ስለ ቆሸሸ የአየር ፊልትሮም ብዙ ይባላል። ካርቡራተር ባላቸው አሮጌዎቹ ላይ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2001ዱ ሞዴል ወዲህ ያሉት ግን የሚገባውን አየር በሴንሰር እየለኩ ነዳጁን ስለሚመጥኑ፣ ፊልትሮው ሲዘጋ የሚጎዳው ጉልበቱ እንጂ ፍጆታው እምብዛም አይደለም።

ከፍታ ያልተጠበቀ ነገር ያደርጋል። እንደ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ግን የሚገፋው አየርም ቀሏል። ስለዚህ በእኩል ፍጥነት ነዳጅ ሊቀንስ ይችላል። ካርቡራተር ያላቸው ግን ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ቤንዚን ስለሚረጩ ካንዴላቸው ይጠቁራል፣ ቁጠባውም እዚያው ይጠፋል።

ብዙው ክርክር ደግሞ የሚመጣው ከአለካኩ ነው። ዛሬ ሞተር ሳይክሏን ቀጥ አድርገህ ሞልተህ፣ ነገ በጎን እግሯ አጋድመህ ብትሞላት የሚገባው ነዳጅ ይለያያል። 200 ኪሎ ሜትር ሄደህ 11 ሊትር የገባላት 18.2 ናት። አንድ ሊትር አብልጠህ ከሞላህ 16.7 ትሆናለች፣ አሳንሰህ ከሞላህ 20። አንድ ሙሌት ላይ ቆሞ መማል አያዋጣም፤ አምስት ስድስቱን ደምሮ ማካፈል ነው። ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር ስታወዳድርም ጋሎኑን ጠይቀው። የአሜሪካው 3.785 ሊትር ነው፣ የእንግሊዙ 4.546። ዋሽንግተን ላይ በጋሎን 40 ማይል የምትሄደው ለንደን ላይ 48 ትባላለች። ሁለቱም በሊትር 17 ኪሎ ሜትር ናቸው።