«ሥራዬ ራሱ ይናገራል»፦ ስለ ቢሮ ፖለቲካ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የደረጃ ዕድገት ያጣ ሰው ቢሮዬ መጥቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ ምን እንደሚል ገና በሩን ሲከፍት አውቀዋለሁ። «እኔ ፖለቲካ አልወድም፤ ሥራዬን ብቻ ነው የምሠራው» ይለኛል። በሰው ኃይል አስተዳደር ሙያ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህችን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። የሚያንገበግበኝ የሚናገሩት ሰነፎች አለመሆናቸው ነው። ሰነፍ እንዲህ አይልም። የሚሉት ሥራቸው አንጀት የሚያርስ ሰዎች ናቸው፤ ያመለጣቸውን ቦታ የያዘውም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ያነሰ የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ ይህን አንዴ በጽሑፍ ልጨርሰው።

«ሥራዬ ራሱ ይናገራል»

ሥራ አይናገርም። የሚናገሩት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም የሚናገሩት ባዩት፣ በሰሙትና በገባቸው ልክ ነው።

የዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። አምስት ስድስት ሰዎች ይቀመጣሉ። ከፊታቸው የምዘና ውጤት፣ የትምህርት ማስረጃና የአገልግሎት ዘመን አለ። የቅርብ አለቆች ቅሬታ ሽሽት ለሁሉም ጥሩ ነጥብ ስለሚሰጡ የዕጩዎቹ ውጤት ይቀራረባል፤ ወረቀቱ ብቻውን አይለያቸውም። ከዚያ ሰብሳቢው «እስቲ ስለዚህ ሰው የምታውቁትን ንገሩን» ይላል። ነገሩ የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ነው። ስለ አንዱ ዕጩ ሦስት ሰዎች የሚሉት አላቸው። ስለ ሌላው የሚናገረው የቅርብ አለቃው ብቻ ነው፤ እሱም «ጎበዝ ነው፣ አያስቸግርም» ብሎ ያቆማል። «አያስቸግርም» ተብሎ ዕድገት ያገኘ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የክፍያ ሰነድ የሚያጣራ አንድ ባልደረባ ነበረን። ሰነዶቹ ወደ ክፍያ ከመሄዳቸው በፊት የሚያልፉበትን የማመሳከሪያ ዘዴ ማንም ሳያዘው በራሱ ጊዜ ሠራ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም የተደገመ ክፍያ አልወጣም። ይህን ያወቀ ሰው ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም ያልደረሰ ስህተት ለማንም አይታይም። በሌላ ክፍል ደግሞ ስህተት ከደረሰ በኋላ ሌሊቱን አድሮ ያስተካከለ ሠራተኛ ስሙ በሁሉም አፍ ነበር። በኮሚቴው ላይ የመጀመሪያው ሰው ስም ሲጠራ ከኃላፊዎቹ አንዱ «ማን ነው እሱ?» ብሎ ጠየቀ። እዚያው ነበርኩ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ግን እኔም ዘዴውን ያወቅሁት በአጋጣሚ ስለነበር በቅጡ አላስረዳሁም።

እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሥራው እንደማይሰማ ለምን አይታየውም? እ.ኤ.አ. በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረገችው ሙከራ በደንብ ያሳያል። ግማሾቹ ተሳታፊዎች ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ዘፈን በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እንዲመቱ፣ ሌሎቹ ሰምተው ዘፈኑን እንዲለዩ ተደረገ። የሚመቱት ከሰሚዎቹ ግማሾቹ ያውቁታል ብለው ገመቱ። ከተመቱት 120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ብቻ ነበሩ። የሚመታው ሰው በጭንቅላቱ ውስጥ ዜማው ከነግጥሙ ይሰማዋል፤ ሰሚው የሚሰማው ኳ፣ ኳ ብቻ ነው። የእናንተም ሥራ እንደዚያ ነው። ስንት ሌሊት እንደበላ፣ የቱ ጋ እንደተወሳሰበ፣ ምን እንዳዳነ ሁሉም በእናንተ ጭንቅላት ውስጥ አለ። አለቃችሁ ጋ የደረሰው አንድ ፋይል ነው።

«ታዲያ ስለ ራሴ ላውራ? ጉራ አይሆንም?» ይሉኛል። አይሆንም። ጉረኛ የሚያወራው ስለ ራሱ ነው፤ እናንተ የምትናገሩት ስለ ሥራው ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ለቅርብ አለቃችሁ ሦስት መስመር ጻፉ፤ ምን ተጠናቀቀ፣ ምን ተንጠለጠለ፣ የተጠናቀቀው ማንን ጠቀመ። ሦስተኛዋን መስመር አትዝለሉ። «ሪፖርቱን ጨርሻለሁ» የሚለው ማንም ጆሮ ውስጥ አይቀርም። «ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው ሪፖርት አሁን በግማሽ ቀን ያልቃል፤ የሒሳብ ክፍል ወሩን ቀድሞ ይዘጋል» የሚለውን ግን አለቃችሁ ራሱ ለአለቃው ይናገረዋል፤ እሱም የሚናገረው ይፈልጋልና። ሥራችሁ ስህተትን የመከላከል ከሆነ የያዛችሁትን ስህተት መዝግቡ፤ ቀኑን፣ ዓይነቱን፣ ቢያልፍ ኖሮ ምን ያስከትል እንደነበር። የረዷችሁን ሰዎች በስማቸው ጥቀሱ። የሌላውን ድርሻ የሚያነሳ ሰው ስለ ራሱ ድርሻ ሲናገር ይታመናል፤ የተጠቀሰውም ሰው በማትገኙበት ስብሰባ ላይ ስማችሁን ያነሳል።

ፖለቲካ ስትሉ የምታስቡት ሐሜት፣ ሰበቃና ጠልፎ መጣል ከሆነ ከዚያ ራቁ፤ እኔም እርቃለሁ። በማንኛውም መሥሪያ ቤት ግን ፍላጎታቸው የተለያየ ሰዎች አንድ በጀት፣ አንድ ክፍት የሥራ መደብ፣ አንድ የአለቃ ጆሮ ይሻማሉ። ይህ የሚፈታው በንግግር ነው። «አልገባበትም» ያለ ሰው ከጉዳዩ አይወጣም፤ ጉዳዩ እሱ በሌለበት ያልቃል።

«ቢሮ ውስጥ የሚያድገው አድርባይ ነው»

አንዳንዱ ያድጋል፤ አይቻለሁ፤ አልክድም። ግን አለቃው ሲነሳ አብሮ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጄራልድ ፌሪስና ባልደረቦቹ በሥራ ቦታ የፖለቲካ ችሎታን የሚለካ ባለ 18 ጥያቄ መጠይቅ አሳትመዋል። በአራት ነገሮች ከፍለውታል፤ ሰውንና ሁኔታን ማንበብ፣ እንደ ሰውየው ሁኔታ ማሳመን፣ ትስስር መገንባት፣ አራተኛው ደግሞ በሌሎች ዓይን ቅን ሆኖ መታየት ነው። አድርባይ የሚወድቀው በአራተኛው ነው። ዛሬ ያሞገሰውን ነገ ሲያጣጥል ሁሉም ያየዋል፤ ሁሉም ያየው ሽንገላ ደግሞ አይሠራም። አለቃችሁን ማመስገን ከፈለጋችሁ በትክክል የጠቀማችሁን አንድ ነገር ለይታችሁ ንገሩት፤ ሌላውን ተዉት።

«ውሳኔ የሚሰጠው በስብሰባ ላይ ነው»

ይህን እኔም ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ላይ የቅጥር ሂደቱን የሚያሳጥር ሐሳብ አዘጋጅቼ በቀጥታ ወደ ማኔጅመንት ስብሰባ ይዤ ገባሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የአንድ ክፍል ኃላፊ ግን ሠንጠረዡን ሲያይ የእሱ ፊርማ ከሂደቱ እንደወጣ አስተዋለ፤ ያስተዋለውም በእኩዮቹ ፊት ነው። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ስለ ቅጥር አልነበረም፤ ስለ ክብሩ ነበር። ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ላይ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» ተብሎ ተቀበረ። ቀደም ብዬ ቢሮው ሄጄ አሥር ደቂቃ ባነጋግረው ኖሮ ፊርማውን የት ላይ እንደሚፈልግ ይነግረኝ ነበር፤ ሐሳቡም ባለፈ ነበር።

አስፈላጊ ጉዳይ ወደ ስብሰባ ከመግባቱ በፊት የሚነካቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አነጋግሩ። «ምን ታስባለህ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ «ይህ ቢሆን አንተ ጋ የሚያስቸግር ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ብቻውን ሲሆን ሥጋቱን ይናገራል፤ ሰው በተሰበሰበበት ግን አቋም ይይዛል፤ አንዴ አቋም የያዘ ሰው ደግሞ ቢገባውም አይመለስም። አለቃችሁን የምትቃወሙም ከሆነ ከስብሰባው በፊት፣ ለብቻው፣ አማራጭ ይዛችሁ ይሁን።

«ከንግግር 93 በመቶው የሰውነት ቋንቋ ነው»

አይደለም። በየሥልጠናው ሲደገም ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቁጥሩ የመጣው አልበርት ሜህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ሁለት ትንንሽ ጥናቶች ነው። ሰዎች ነጠላ ቃላትን በተለያየ ድምፅና የፊት ገጽታ ሰምተውና አይተው የተናጋሪውን ስሜት እንዲገምቱ ተደረገ፤ 7 በመቶ ቃሉ፣ 38 በመቶ ድምፁ፣ 55 በመቶ ፊቱ የሚለው ስሌት ከዚያ ወጣ። ስለ ስሜትና ስለ መውደድና መጥላት እንጂ ስለ ንግግር ሁሉ እንዳልሆነ ተመራማሪው ራሱ ተናግሯል። አቋቋማችሁን ስታስተካክሉ አትዋሉ፤ የምትሉትን አዘጋጁ።

«ዝምተኛ ሰው በቢሮ ፖለቲካ አይሆንለትም»

ካየኋቸው ምርጦቹ ብዙዎቹ ዝምተኞች ናቸው። ያዳምጣሉ።

«የሰው ኃይል አስተዳደር የሠራተኛው ጠበቃ ነው»

እኛን የሚቀጥረን አሠሪው ነው። ሕግና መመሪያ እንዲከበር እንሠራለን፤ በዚያ ልክ ልንረዳችሁ እንችላለን። ትንኮሳ፣ ዛቻ ወይም መድልዎ ከደረሰባችሁ ግን ያ ፖለቲካ አይደለም፤ በዘዴ የሚያዝም አይደለም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃልና በቦታው የነበሩትን ሰዎች በዚያው ዕለት ጻፉ፤ አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡ፤ ቅጂ ያዙ።

«አለቃዬ ሥራዬን ሰረቀኝ»

ሌባ አለቃ አለ። ግን ወደ እኔ ከሚመጡት ክሶች ብዙዎቹ ስርቆት ሆነው አላገኘኋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ ባልና ሚስትን ለየብቻ ጠየቁ፤ ከቤቱ ሥራ የእናንተ ድርሻ ስንት ነው? የሁለቱ መልስ ሲደመር ከሙሉው በለጠ። እየዋሹ አልነበረም። እያንዳንዱ የራሱን ልፋት ያስታውሳል፤ የሌላውን አብዛኛውን አላየውም። በጋራ ፕሮጀክት ላይም ያው ነው። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ማን ምን እንደሚሠራ በአጭር ኢሜይል ጻፉና ለሁሉም ላኩ። አለቃችሁ በስብሰባ ላይ ስማችሁን ከዘለለ በሰው ፊት አትጋጩ፤ በዚያው ቀን ለብቻው «በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ክፍል እኔ ባቀርበው ደስ ይለኛል» በሉት። ያልታወቀው ከሆነ ያስተካክላል። ደጋግሞ ካደረገው ሌላ አለቃ መፈለግ ጀምሩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲለወጥ አላየሁም።

«ጓደኞቼ ይበቁኛል፤ ከሌላው ጋር ምን አለኝ»

ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ያንን ሰው በወቅቱ ምን ያህል ያገኙት እንደነበር ጠይቆ ነበር። ዘወትር የሚያገኙት 16.7 በመቶ፣ አልፎ አልፎ 55.6 በመቶ፣ ከስንት አንዴ 27.8 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ከባድ አይደለም፤ የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቀው እናንተ የምታውቁትን ነው። በወር አንድ ጊዜ ከሌላ ክፍል ሰው ጋር ስለ ሥራው ተጨዋወቱ። ትንሽ ነገር እንዲረዳችሁም ጠይቁት። ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት ሰው እምቢ የሚለንን ቁጥር አጋንነን ነው የምንፈራው፤ እሺ የሚለን ከገመትነው እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል።

«ሐሜት ሰው ያቀራርባል»

ስለ ሰው ማውራት ሁሉ ሐሜት አይደለም፤ ማን ወዴት እንደተዛወረ፣ ማን በምን እንደተጠመደ ሳያውቁ መሥራት አይቻልም። ሐሜቱ ግን ወደ ተናጋሪው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 ጆን ስኮሮንስኪና ባልደረቦቹ ያገኙት ይህንን ነው፤ ሰው የሌላውን የጭካኔ ድርጊት ሲያወራ የሰማው አድማጭ ቆይቶ ጭካኔውን ከተናጋሪው ጋር አያይዞ ያስታውሳል። አንድ ሰው ሐሜት ይዞ ሲመጣባችሁ «ለራሱ ነግረኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ አይመጣም።

«አንዴ ካለፈኝ አለፈኝ»

ያ የክፍያ ሰነድ አጣሪ ከኮሚቴው ውሳኔ በኋላ ቢሮዬ መጥቶ ያንኑ ንግግር ተናገረ። ጨርሼ ከሰማሁት በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ የያዛቸውን ስህተቶች ዘርዝሮ እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት። ሁለት ገጽ ይዞ መጣ። ግማሹ ከግዥ ክፍል የመጡ ሰነዶች ነበሩ፤ የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ግን ይህንን ሰምቶም አያውቅም። «እሱ ጋ ሂድና አሳየው፤ አትክሰስ፣ ስህተቱ ከምንጩ እንዲቀንስ አብረን እንሥራ በለው» አልኩት። ፊቱን አጨማደደ፤ ግን ሄደ። በሚቀጥለው ዙር ሰብሳቢው «ስለዚህ ሰው የምታውቁትን ንገሩን» ሲል ከቅርብ አለቃው ቀድሞ እጁን ያወጣው የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ነበር።