ከደሴ ወደ ሐይቅ በብስክሌት፦ የሚባለውና የሆነው

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ጨርሶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ብስክሌት እንነዳለን። ሽርሽር ብቻ አይደለም። ለተማሪዎች የደብተርና የደንብ ልብስ መግዣ ገንዘብ እናሰባስብበታለን። ታዲያ ገና መስከረም ሳይጠባ ያው ወሬ ይጀመራል። ሻይ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቅሬ ላይ። (ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ለወሎዬ አይነገርም።) ሁሌ አንድ በአንድ ከማስረዳ ዘንድሮ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

"ማን አንደኛ ወጣ?"

ማንም። ውድድር አይደለም። ሰዓት የሚይዝ የለም፣ ዋንጫ የለም። ሰው ግን አያምንም። አልፈርድበትም፤ የብስክሌት ታሪካችን የውድድር ታሪክ ነው። ገረመው ደንቦባን የምናነሳው በ1956 (እ.ኤ.አ.) የሜልቦርን ኦሎምፒክ ስለተወዳደረ ነው። ጽጋቡ ግርማይን የምናነሳው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቱር ደ ፍራንስ ስለገባ ነው። ለደስታ ሲነዳ ስሙ የተነሳ ሰው አላውቅም። ሌላው ዓለም ግን ይሄ ነገር የቆየ ነው። ስዊድን ውስጥ ቬተርን በሚባል ሐይቅ ዙሪያ 315 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ጉዞ አለ፤ የተጀመረው በ1966 (እ.ኤ.አ.) ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይነዳል፣ አሸናፊ ተብሎ የሚሸለም የለም። እኛ ጋ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ትኩስ ዓሣ ነው የሚያገኘው፤ ቀድሞ የደረሰው የበረደውን ይበላል።

"ሐይቅ ዳር አይደል? ሜዳ ነው"

ይሄን የሚል ሰው መንገዱን የሚያውቀው ሚኒባስ ውስጥ ተኝቶ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐይቁ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ያን ሁሉ ይወረዳል ማለት ነው። ቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት፣ እንደ ስሙ ሜዳ ነው። ሰው የሚዘናጋውም እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል። ከኋላ የጭነት መኪና ጡሩንባ፣ ከፊት ጭድ የተጫነች አህያ፣ መሀል ላይ እርስዎ።

"የፊት ፍሬን ከያዝክ ትገለበጣለህ"

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው፣ እኔም አምኜው ኖሬያለሁ። የመጀመሪያው ዓመት የኋላውን ፍሬን ብቻ ጨብጬ ወረድኩ። አንዱ ጥምዝ ላይ የኋላ ጎማዬ ሸርተት አለና ቦይ ውስጥ ገባሁ። ክርኔ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላ ጎማ ይቀላል፣ መሬቱን እንደ ልብ አይቆነጥጥም። ስለዚህ ብስክሌቱን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው። የሚገለብጠው የፊቱን ለብቻው ድንገት ጭብጥ ማድረግ ነው። ሁለቱንም በቀስታ እያጠበቁ መያዝ፣ ከኮርቻው ወደ ኋላ ሸሸት ማለት፣ ፍጥነቱን ደግሞ ጥምዙ ሳይደርስ መቀነስ። ጥምዙ ውስጥ ከገቡ በኋላ ፍሬን መጨበጥ የእኔን ቦይ መፈለግ ነው።

በሌላ በኩል "ፍሬን ይዤ እወርዳለሁ፣ አልለቅም" የሚልም አለ። እሱም አያዋጣም። ላስቲኩ ቸርኬውን እየፈተገ ያግለዋል። ሙቀቱ ሲበዛ የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ነው ዘዴው። አንዴ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመን አንድ ልጅ ቸርኬውን በጣቱ ነካው። እንደ ጋለ ምጣድ አስፈነጠረው። ከዚያ በኋላ ማንንም መምከር አላስፈለገኝም።

"ውድ ብስክሌት ከሌለህ አትሞክረው"

የኪራይም ይበቃል። የፍሬን ላስቲኩ ያላለቀ፣ ካቴናው ዘይት የጠጣ ይሁን እንጂ። ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ አይጠፋም። ሄልሜት ላይ ግን ድርድር የለም።

"ለሴት አይሆንም"

አሁንም ይባላል። ለምን ሲባል መጀመሪያ "ጤና ይነካል" ይባላል፣ ቀጥሎ ድምፅ ዝቅ ብሎ የድንግልና ነገር ይመጣል። ድንግልና በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንጂ በብስክሌት ኮርቻ አይሄድም። በቃ። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ ሰፊ ቀሚስ ካቴና ውስጥ ይገባል። አብረውን የሚነዱት ሴቶች መላውን አግኝተውለታል። ከሥር ሱሪ፣ ቀሚሱ ጉልበት ላይ ቋጠር። ሂጃብ የምታደርገው ቀጭኑን ከሄልሜቱ ሥር ታደርግና ጫፉን ጃኬቷ ውስጥ ትከተዋለች። ቁልቁለቱን ደግሞ ከወንዶቹ በተሻለ ጥንቃቄ ነው የሚወርዱት። ቦይ የገባሁት እኔ ነኝ።

"ገንዘቡ ከምዝገባ ነው የሚመጣው"

ትልቁ አለመግባባት እዚህ ጋ ነው። የምዝገባ ብር ለውሃ፣ ለፋሻና አልኮል፣ ለመኪና ነዳጅ ያልቃል። ደብተሩን የሚገዛው ቃል የተገባልን ብር ነው። ነጂው ከጉዞው በፊት ዘመድ፣ ጎረቤት፣ መሥሪያ ቤት ይዞራል። "ለነዳሁት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ስንት ትሰጡኛላችሁ?" ይላል። ስማቸውን ይመዘግባል፣ ከጉዞው በኋላ ይሰበስባል። እንግዲህ ዋናው ጉልበት የማይነዱት ሰዎች ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ቅሬን ለሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

የጎረቤታችን እትዬ የመጀመሪያው ዓመት በኪሎ ሜትር 10 ብር ቃል ገቡልኝ። ሁለተኛ ቡና እየቀዱልኝ "ቦሩ ሜዳ ላይ ብትቀርስ?" አሉ። "እስከዚያ ያለውን ብቻ ነዋ የሚከፍሉኝ" አልኳቸው። ክርኔ ተጠቅልሎ ስመለስ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደወደቅኩ ነው። ነገርኳቸው። "ተነስተህ ቀጠልክ?" አሉ። "ቀጠልኩ" አልኩ። "አብሽር" ብለው 300 ብር ሙሉውን ቆጠሩልኝ።

አብሮት የሚመጣ ጥርጣሬ አለ፦ "ግማሹን እናንተው ትበሉታላችሁ።" አልቆጣም፣ መጠየቅ ያስፈልጋል። በድርጅት ስም የሚሰበሰብ ከሆነ ሕግም አለው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የቆመ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። እኛ ድርጅት አይደለንም፣ የሰፈር ልጆች ነን። ስለዚህ የሰጠውን ሰው ስም፣ ብሩን፣ የደብተር መግዣውን ደረሰኝ ቅሬው በሚሰበሰብበት ቀን እናነባለን። ሽማግሌዎቹ ፊት አንድ ብር የጎደለ እንደሆን ጉድ ነው።

"ሐይቁን ትዞሩታላችሁ አይደል?"

አስፋልቱ ሐይቁን አይዞርም። ሐይቅ ከተማ ዋናው መንገድ ላይ ናት፤ ከዚያ ታጥፈን ወደ ውሃው እንወርዳለን፣ ዳር ዳሩን እንሄድና እንመለሳለን። ገዳሙ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ውሃው ውስጥ ገባ ባለ መሬት ላይ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ነው። ወደ ውስጥ ሴት አይገባም፤ ስለዚህ መሰባሰቢያችንን በሩ ላይ አናደርግም፣ ግማሾቻችን ውጭ የሚቀሩበት ቦታ መሰባሰቢያ አይሆንም። አንድ ዓመት "ሙዚቃ ከሌለ አይደምቅም" ብሎ አንዱ ስፒከር ይዞ መጣ። አንድ አባት ከዛፎቹ መሀል ወጥተው ቆሙ። ምንም አላሉም። እያዩን ብቻ ነበር። ስፒከሩ ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲህም ቤቱ ነው የሚውለው።

"ላብህን ዳር ዳሩን ተለቃለቅበት"

ተዉ። የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል። ጣና ያን ያህል ሰፍቶ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ዋና በማይችል፣ እግሩ በደከመ ሰው የሚቀለድበት ውሃ አይደለም።

"ብስክሌት ምን ይበክላል?"

ብስክሌቱማ አይበክልም። እኛ ነን የምንበክለው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሄደን ስንመለስ ሳሩ ላይ የተውነው ሃይላንድ ብዛት አሳፈረኝ። ሐይቁ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ውሃ ይገባል እንጂ አይወጣም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። አሁን ትልቅ ጀሪካን በመኪና ይሄዳል፣ እያንዳንዱ የራሱን ኮዳ ይሞላል።

ዓሣው ራሱ ሰው ያስገባው መሆኑን ስንቱ ያውቃል? "ቆሮሶ ከጥንት የሐይቁ ነው" ሲባል እሰማለሁ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው ውሃው ውስጥ የተለቀቀው። ጥብሱን ስበላ ይሄን አንስቼ ክርክር ያልጀመርኩበት ዓመት የለም።

"እሑድ ጠዋት ለሁሉም ይመቻል"

ወሎ ውስጥ? ቅዳሴ አለ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል፣ ሑዳዴ አለ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ አለ። ጥቅምት ላይ የወደቅነው ይሄን ሁሉ ቆጥረን ነው። የምንነሳውም ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ 3 ሰዓት ላይ ነው።

"መልሱስ? ያን ዳገት በፔዳል?"

የሚሞክሩ አሉ። ሁለት ሦስት ናቸው፣ ቦሩ ሜዳ ሲደርሱ ፊታቸው በርበሬ ይመስላል። የቀረነው ብስክሌቶቹን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ መሀላቸው ተጠጋግተን ተቀምጠን ነው የምንመለሰው። አምና እትዬን "መልሱንም በኪሎ ሜትር ያስቡልኝ" ብዬ ሞከርኳቸው። ረከቦቱን እያነሱ ቀና ብለው አዩኝ። "የአይሱዙውን ሹፌር ላከው" አሉኝ።