አበባም ድንጋይም በአንድ እጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሐዋርያትን ጾም ፈትተን ሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስን በዓል አክብረናል። በየደብሩ የሚታየው ግን ያሳዝናል። ወንጌል ሲነበብ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ፣ ስሙ የገነነ ዘማሪ ዐውደ ምሕረት ላይ ሲወጣ ይመዘዛል። ያው ዘማሪ በወሩ ስሙ በክፉ ሲነሣ ደግሞ ቀድሞ የሚሳደበው ያ ስልክ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ግለጡ። በልስጥራን ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ የነበረ ሰው በጳውሎስ ቃል ተነሥቶ ሄደ። ሕዝቡም «አማልክት ሰዎችን መስለው ወደ እኛ ወርደዋል» ብሎ ጮኸ። በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን አሉት፤ የድያ ጣዖት ካህንም በሬና የአበባ አክሊል ይዞ መጣ። ሐዋርያት ምን አደረጉ? ልብሳቸውን ቀደዱ! እኛም እንደ እናንተው ሰዎች ነን ብለው እየጮኹ ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጡ። በቁጥር 18 ሕዝቡ እንዳይሠዋላቸው በጭንቅ ተከለከለ። በቁጥር 19 ከአንጾኪያና ከኢቆንዮን የመጡ ሰዎች ያንኑ ሕዝብ አባበሉት፤ ጳውሎስ ተወግሮ ሞቷል ተብሎ ከከተማ ውጭ ተጎተተ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው አራት ነጥብ ብቻ ነው።

በዘመናችን ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሲደርስ ያየነው በአሜሪካዊው ዘፋኝ በማይክል ጃክሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው አልበም በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት ተርታ ነው፤ በ1984 በአንድ ሌሊት 8 የግራሚ ሽልማት ወሰደ። እኛም ደግሞ የእርሱ ውለታ አለብን። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ረሃብ ከዘፋኙ ላዮኔል ሪቺ ጋር ለወገኖቻችን የጻፈው መዝሙር ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። በተቀረጸበት ሌሊት አዘጋጁ ኩዊንሲ ጆንስ «ትዕቢታችሁን በር ላይ ትታችሁ ግቡ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ነበር። እኛ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የምናወልቀው ጫማችንን ብቻ ሆነ።

አሟሟቱን ተመልከቱ። እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ሐኪሙ ቤቱ ድረስ እየመጣ ፕሮፖፎል የሚባል የቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ በደም ሥሩ ይሰጠው ጀመር። መድኃኒቱ ያደነዝዛል እንጂ እውነተኛ እንቅልፍ አይሰጥም፤ መጠኑ ሲያልፍ ትንፋሽ ይቆማል። በሆስፒታል ትንፋሹንና የልብ ምቱን በመሣሪያ የሚከታተል ባለሙያ አጠገቡ ካልቆመ ለማንም አይሰጥም። እርሱ ግን በመኝታ ቤቱ ተሰጠው፤ ጁን 25 ቀን 2009 በ50 ዓመቱ ዐረፈ። በወር 150,000 ዶላር ሊከፈለው የተስማማው ሐኪም በ2011 ጥፋተኛ ተባለ። ተራ ሰው ይህን ቢጠይቅ ገና በር ላይ «አይሆንም» ይባል ነበር። ዝና ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው «ተው» የሚል ሰው ነው። የምትወዷቸው ዘማርያን ደፍሮ የሚገሥጻቸው የንስሐ አባት አላቸውን?

ከሞቱ በኋላም ሰው ሁለት ሆኗል። በ1993 በሕፃን ላይ በደል ፈጽሟል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ1994 ጉዳዩ በገንዘብ ተቋጨ። በ2005 የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በሌላ ክስ ሙሉ በሙሉ በነፃ አሰናበተው። በ2019 በልጅነታቸው አጠገቡ የነበሩ ሁለት ሰዎች በዘጋቢ ፊልም በደል እንደደረሰባቸው ተናገሩ፤ ቤተሰቡ ካደ፤ አንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኑን አቆሙ። የነፍሱ ፍርድ የእኛ አይደለም። ነገር ግን የሌሎች ሰዎች ልጆች አልጋው ላይ ያድሩ እንደነበር በ2003 በቴሌቪዥን የተናገረው ራሱ ነው። ወላጆች ስሙ ሌላ ቢሆን ኖሮ ይፈቅዱ ነበርን?

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ ይህን ያዙ። ልጅ ከማንም አገልጋይ ጋር፣ መነኩሴም ይሁን ዘማሪ፣ ብቻውን አይደር። በመንፈሳዊ ጉዞ ማደር ግድ ከሆነ ልጆች ባሉበት ክፍል ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች፣ ቢቻል ወላጅ ይኑር። ልጅ አንድ ነገር ቢነግራችሁ አትቆጡት፤ እየደጋገማችሁም አትመርምሩት፤ ያለውን በራሱ ቃል ጽፋችሁ በዚያው ቀን ለሕግ አሳውቁ። «የደብሩ ስም ይጠፋል» አትበሉ። ንስሐ ነፍስን ታድናለች፤ ከፖሊስ መሸሸጊያ ግን አይደለችም።

«ሁለት ወይም ሦስት ምስክር» የሚለውን ቃል የልጅን አፍ ለመዝጋት የምትጠቅሱ አላችሁ። ዘዳግም 19ን ዝቅ ብላችሁ አንብቡት፤ ፈራጆች አጥብቀው ይመርምሩ ይላል። ሳይሰሙ መመርመር የለም። ምርመራው እስኪያልቅ ደግሞ የተከሳሹን ፎቶ በቴሌግራም አትቀባበሉ፤ በሬ ጎትታችሁለት ከሆነ ድንጋይ ለማንሣት አትቸኩሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።