ፍሪላንስ የጌም ትርጉም፣ ከጎጃም ሲታይ

ኢንዲ ጌም የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ከኋላው ሳይኖር አንድ ሰው ወይም ጥቂት ጓደኛሞች የሚሠሩት የቪዲዮ ጌም ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ተርጓሚ በደሞዝ አይቀጥርም። ቃል ቆጥሮ ይከፍላል፣ ሥራው ሲያልቅ ይለያያሉ። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ዳንግላ የተቀመጠ ሰው ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለው ሊገባበት ይችላል። ይችላል አልኩ እንጂ ቀላል ነው አልወጣኝም።

ሐቁን ከመጀመሪያው እንነጋገር፤ የአማርኛ ገበያ ጠባብ ነው። ጌም ሠሪዎች ለትርጉም ገንዘብ ሲመድቡ በልማድ የሚጀምሩት ከፈረንሳይኛ፣ ከጣልያንኛ፣ ከጀርመንኛና ከስፓኒሽ ነው። ስቲም የተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ራሱ የሚሠራው 30 ገደማ በሚሆኑ ቋንቋዎች ሲሆን አማርኛ የለበትም። ስለዚህ ሥራው በጓሮ በር ነው የሚመጣው፦ በእርዳታ ገንዘብ ለትምህርት ወይም ለጤና የሚሠሩ ጌሞች፣ ቀለል ያሉ የስልክ ጌሞች፣ ለፍቅሩ ብቻ በነጻ የሚተረጎሙ፣ አንዳንዴም በተቃራኒው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። እንደ «ኩኩሉ» እና «ገበታ» ያሉ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ሥራዎች ከመጡ ወዲህ ይሄኛው አቅጣጫ እንግዳ ነገር አይደለም።

ተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ ጌሙን አያየውም። የሚደርሰው ሰንጠረዥ ነው፤ በአንዱ ዓምድ መለያ፣ በሌላው እንግሊዝኛው፣ ሦስተኛው ባዶ። እያንዳንዱ ጽሑፍ «ስትሪንግ» ይባላል። እዚያ ውስጥ «ፋየር» የሚል ቃል ብቻውን ቁጭ ብሎ ታያለህ። እሳት ነው? ተኩስ ነው? ወይስ ሰው ከሥራ ማባረር? «ክሎዝ»ስ ዝጋ ነው ወይስ ቅርብ? መገመት ይቻላል፣ ግን ግምቱ ከተሳተ የሚስቀው ተጫዋቹ ነው። ጎበዝ ተርጓሚ የሚለየው በሚያውቀው ቃል ብዛት ሳይሆን በሚልከው ጥያቄ ብዛት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው የእንግሊዝኛው «ዩ» ነው። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ብሎ ይለየዋል፣ ግሱም አብሮ ይቀየራል። (ይህን ጽሑፍ ራሱን ስጽፍ «ታያለህ» ካልኩ በኋላ ነው አንባቢዋ ትዝ ያለችኝ።) ጌሙ ውስጥ ያለ ልጅ ሽማግሌን ሲያናግር «አንተ» ካለ፣ እኛ አገር ሌላ ታሪክ ተፈጠረ ማለት ነው፤ ባለጌ ሆነ። ስለዚህ ማን ለማን እንደሚናገር የሚያሳይ ዓምድ ይጨመርልኝ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የተጫዋቹ ጾታ ካልታወቀ ደግሞ ግሱን ማዞር ነው፤ «ሰይፍ አገኘህ» ከማለት «ሰይፍ ተገኘ»።

ሁለተኛው ራስ ምታት ፊደላችን ነው። ፕሮግራመሮች በዓረፍተ ነገር መሀል ክፍት ቦታ ትተው የዕቃውን ስም ጌሙ ራሱ እንዲሞላው ያደርጋሉ። በስሙ ላይ የሚጨመረው «ን» ሲሆን ችግር የለም፣ ከኋላ ይለጠፋል። «ሰይፉ» ለማለት ግን «ፍ» ራሷ «ፉ» መሆን አለባት፣ «ጋሻ» ደግሞ «ጋሻው» ይላል፤ ይህን ክፍት ቦታው አያውቅም። ብዙ ቁጥርም እንደዚያው፣ «ፍ» ወደ «ፎ» ትዞራለች። ደግነቱ አማርኛ ማምለጫ አለው፤ «አምስት በሬ አለኝ» የሚል ገበሬ ስህተት አልሠራም። ቁጥር ካለ ስሙን በነጠላ መተው ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ዋሸራ ወይም ጎንጅ የቅኔ ቤት ያለፈ ሰው የቃል ጨዋታ ሲያጋጥመው አይደነግጥም። ነገር ግን ቅኔ የሚወደው መጥበቅና መላላት ለአጭር የጌም ጽሑፍ በሽታ ነው። «ዓሣው ይበላል» የሚል መግለጫ ስክሪን ላይ ቢወጣ፣ ዓሣው ሊበላህ ነው ወይስ ምሳህ ሆኗል? ጽሑፉ አይነግርህም።

የቃል ምርጫው ላይም ጭቅጭቅ አለ። ጌም ቤት የሚውሉ ልጆች «ሌቭል» (ደረጃ)፣ «ላይፍ» (ሕይወት)፣ «ቦስ» (ዋናው ጠላት) ነው የሚሉት። ይህን ሁሉ ወደ ንጹሕ አማርኛ ልመልስ የሚል ተርጓሚ ማንም የማይናገረው ቋንቋ ይፈጥራል። እኔ «ሌቭል»ን እተወዋለሁ። የሚጠጣውን አስማታዊ ፈሳሽ «ጠበል» ማለት ግን አይሆንም፣ ሃይማኖት ውስጥ መግባት ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ የገጠር ሰው በመጣ ቁጥር «አይደለም»ን «አይዶል» እያስባሉ የኛን አነጋገር ማሳቂያ ማድረግ። በእንግሊዝኛው ያ ሰው ሞኝ ላይሆን ይችላል እኮ።

የቴክኒኩን ጣጣ ቶሎ ልለፈው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደሎች የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ነጻ ፎንትም አለ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ። ግን ጌሙ ውስጥ ካልተጫነ ጽሑፉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። በትንንሽ ነጥቦች የሚሣል ፎንት ከሆነ «ጧ»ን ስምንት በስምንት ነጥብ ውስጥ ለማስገባት መሞከር ነው፤ ሞክሬዋለሁ፣ አይመከርም። የቋንቋችን መለያ ኮድ ከ«አማርኛ» የመጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደሎች የተሠራ ሲሆን የአርመን የአገር ኮድም ያው ነው። ስለዚህ ቋንቋን በባንዲራ የሚያሳይ ጌም ሲገጥም ባንዲራውን ማየት አይከፋም።

ሰዓትም አለ። ጌሙ ውስጥ ፀሐይ ስትወጣ «7:00» ካለ ለኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። የሥራ ማስረከቢያ ቀጠሮም ላይ ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ስንቱን አጣልቷል።

ኢንተርኔቱ የብዙዎችን ሥራ በልቷል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በስልክ ዳታ ብቻ የሚሠራ ሰው መልስ ሳይሰጥ ጠፋ ተብሎ ደንበኛውን አጣ። ትርጉም የሚሠራበት ክራውዲን የተባለው ድረ ገጽ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። እንደ ፖኤዲት ያለ ፋይል አውርዶ የሚሠራ ፕሮግራም መልመድ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

ክፍያው ላይ ፔይፓል ለኢትዮጵያ ነዋሪ ገንዘብ መቀበያ አይሆንም፣ ስለዚህ በባንክ ማስላክ ነው፤ ለትንሽ ሥራ የማስተላለፊያው ወጪ ራሱ ያማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል፤ በዶላር የሚከፈለው ሰው ያን ሰሞን ፈገግ ብሏል። አሁን ደግሞ ደንበኞች በማሽን ያስተረጎሙትን ልከው «ማስተካከል ብቻ ነው» እያሉ ዋጋ ይቀንሳሉ። ብዙ ጊዜ ከዜሮ መጀመር ይቀላል።

በመጨረሻ ስም። ጌም ሲያልቅ የሠሪዎቹ ዝርዝር ያልፋል፣ ተርጓሚ እዚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይረሳል። እኔም አንዱ ላይ ተረስቼ ጻፍኩላቸው፤ ይቅርታ ጠይቀው በሚቀጥለው ማሻሻያ አስገቡኝ። ደስ ብሎኝ ከፍቼ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ። ስሜን በአማርኛ ጽፈውታል፣ የዝርዝሩ ፎንት ግን ፊደላችንን አያውቅም። «ትርጉም» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሥር አምስት ሳጥን ተደርድሯል።