የሃይላይፍ ሙዚቃ አመጣጥና የባለቤትነት ክርክሩ

ሃይላይፍ የጊታር፣ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎችና የአካባቢ ከበሮዎች ተዋሕደው የፈጠሩት የምዕራብ አፍሪካ የዳንስ ሙዚቃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጋናውያን የእኛ ነው ይላሉ፣ ናይጄሪያውያን አብረን ነው ያሳደግነው ይላሉ፣ የሴራሊዮንና የላይቤሪያ ሰዎች ደግሞ ዘሩ ከእኛ ወደብ ተነሣ ይላሉ። ክርክሩ ያልተቋጨው ስያሜው፣ የነሐስ ባንዱ፣ የጊታር አመታቱና የመጀመሪያው ሸክላ የየራሳቸው የትውልድ ቦታ ስላላቸው ነው።

የስያሜው ጉዳይ ብዙም አያከራክርም። በ1920ዎቹ በአክራ ሮጀር ክለብ የሚደንሱት ጥንዶች መግቢያ ብቻ 7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ገደማ ይከፍሉ ነበር። ሙሉ የማታ ልብስ፣ ከቻሉም ከነባርኔጣው፣ መልበስ ነበረባቸው። ገንዘቡም ልብሱም ያልነበረው ሕዝብ ውጭ ቆሞ እያዳመጠ ሙዚቃውን «የከፍተኛ ኑሮ» ሙዚቃ፣ ሃይላይፍ አለው። ይህን የተናገረው ራሱ ሙዚቀኛ የነበረው የቡዋ መንሳህ ሲሆን፣ ቃሉን በ1970ዎቹ የመዘገበው የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪው ጆን ኮሊንስ ነው። ስሙ የወጣው በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ መሆኑን የሚቃወም ቁም ነገር ያለው ማስረጃ የለም። ሙዚቃው ግን ከስሙ ይቀድማል።

ከሁሉም የተሻለ የተመዘገበው የነሐስ ባንዱ ታሪክ ነው። ብሪታንያ በ1873 እና 1874 ከአሻንቲ ጋር ስትዋጋ ከካሪቢያን ደሴቶች የተመለመሉ ጥቁር ወታደሮችን በኬፕ ኮስትና በኤልሚና ምሽጎች አሰፈረች። በሥራ ሰዓት የጦር ማርሽ ይነፉ የነበሩት እነዚህ ወታደሮች በዕረፍታቸው የደሴቶቻቸውን ዘፈን በዚያው መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። የባሕር ዳርቻው የፋንቲ ሕዝብ ወጣቶች የአነፋፉን ጥበብ ከማርሹ፣ የተወላገደውን ምት ከዕረፍት ዘፈኑ ወስደው አዳሃ የተባለውን የራሳቸውን ስልት ፈጠሩ። መለከትና ትሮምቦን መግዛት ያቃታቸው መንደሮች ደግሞ በ1930ዎቹ ነሐሱን በድምፅና በከበሮ ተክተው፣ የሰልፉን እርምጃ ሳይለቁ፣ ኮንኮማ የተባለውን አወጡ። ኮንኮማ እስከ ምዕራብ ናይጄሪያ ዘልቋል። ናይጄሪያውያን ከጎልድ ኮስት የወሰዱት ከጎልድ ኮስቱ የዳንስ ባንድ መሪ ከኢ.ቲ. መንሳህ ዘመን በፊት እንደሆነ የሚጠቁም በመሆኑ ይህ ነጥብ ከሚሰጠው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል።

ስለ ጊታሩ ግን ጎልድ ኮስት ብቻዋን ልትናገር አትችልም። በመርከብ ሥራ የሚታወቁት የላይቤሪያ ክሩዎች ጊታርን በባሕር ዳርቻው ሁሉ ይዘው የዞሩ ሰዎች ናቸው። አመታታቸው ሁለት ጣት ብቻ ይጠቀማል፤ አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች እያፈራረቀ ምቱን ይይዛል፣ ሌባ ጣት በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ከምቱ ውጭ እያሾለከ ያወጣል። ጀማሪ የሚስተው ሁለቱን ጣቶች አብሮ በማሳረፉ ነው፤ ያን ጊዜ ሙዚቃው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይመስላል። ስልቱ በየወደቡ የዘንባባ ጠጅ ቤቶች ስላደገ «የዘንባባ ጠጅ ሙዚቃ» ተባለ፤ በሴራሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን ደግሞ ማሪንጋ የሚባል የራሱ መልክ አለው። ፋንቲው ክዋሜ አሳሬም ጊታር የተማረው ከክሩ መርከበኛ ነው። እሱ የመራው ኩማሲ ትሪዮ በ1928 ለንደን ላይ «ያ አምፖንሳህ»ን ለዞኖፎን ኩባንያ በሸክላ አስቀረጸ። ዛሬም የሃይላይፍ ጊታር ተማሪ መጀመሪያ የሚለማመደው የዚህን ዘፈን የአኮርድ ቅደም ተከተል ነው።

ፍሪታውን ከዚህም ወደ ኋላ ትሄዳለች። ከጃማይካ ተግዘው በ1800 ፍሪታውን የደረሱት ወደ 550 የሚጠጉ ማሩኖች (ከባርነት ያመለጡ ሰዎችና ዘሮቻቸው) ጉምቤን ይዘው መጡ። ጉምቤ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬምና እግሮች ያሉት፣ በቆዳ የተወጠረ ከበሮ ነው። የአክራ አካባቢው የጋ ሕዝብ ጎሜ የሚለው ዝርያው ከፍ ያለ ሣጥን ነው፤ ከበሮ መቺው ላዩ ላይ ተቀምጦ በእጁ እየመታ በተረከዙ ቆዳውን ሲጫን ድምፁ ይቀጥናል። የጎሜ መንገድ ግን ቀጥታ ከፍሪታውን አይደለም፤ ወደ ፈርናንዶ ፖ ደሴትና ወደ ኮንጎ ለሥራ ሄደው የተመለሱ የአክራ የእጅ ባለሙያዎች እንዳመጡት ይታመናል።

ተከራካሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት በምቱ ላይ ነው። አሥራ ስድስት እኩል ንዑስ ምቶችን ቁጠሩና በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛው፣ በ11ኛው እና በ13ኛው ላይ ብቻ አጨብጭቡ። ይህ በስድስት ከሚቆጠረው ከእኛ ችክችካ ፈጽሞ የተለየ፣ በአራት የሚሄድ አካሄድ ነው። ይህንኑ ምት በጋ ሕዝብ የብረት ደወል ላይም በኩባ ዘፈኖችም እናገኘዋለን። የኩባ ሸክላዎች ከ1930ዎቹ ጀምሮ በምዕራብ አፍሪካ በብዛት ስለተሸጡ አንዳንዶች ምቱ ከኩባ መጣ ይላሉ። ኩባ የደረሰው ግን በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን ጋር ነው፤ ስለዚህ ምቱ ብቻውን የጉዞውን አቅጣጫ አይነግረንም። ሸክላውም ያሳስታል። በደቂቃ በ80 ዙር የተቀረጸ ሸክላ በ78 ሲጫወት ድምፁ በሩብ ቶን ገደማ ስለሚወርድ፣ የጊታሩን ቅኝት ከዚያ ማውጣት የሞከረ ይሳሳታል። አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚይዝም ሌሊቱን ሙሉ የሚሄደው ዘፈን ተቆርጦ ነው የቀረው። ቀድሞ የተቀረጸ ቀድሞ ተፈጠረ ማለትም አይደለም፤ ለንደን የመሄድ ዕድል ያገኘ ማለት ነው።

የጋናና የናይጄሪያ ሙግት የሚያተኩረው በ1950 ላይ ነው። በሙያው ፋርማሲስት የነበረው ኢ.ቲ. መንሳህ ቴምፖስ የተባለውን ባንዱን ይዞ በዚያ ዓመት ወደ ናይጄሪያ ሲዘልቅ የሌጎስ የዳንስ ባንዶች በዋናነት ስዊንግ፣ ዋልስና የላቲን ዘፈን ይጫወቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ቦቢ ቤንሰን፣ ቪክቶር ኦላይያና ሬክስ ሎውሰን ሃይላይፍን የራሳቸው አደረጉት። የናይጄሪያ ወገን የዘንባባ ጠጅ ጊታርም የነሐስ ባንድም በሌጎስ ቀድሞ ነበር ሲል እውነቱን ነው፤ ከእነዚህ የዳንስ ባንድ ሃይላይፍን አዋቅሮ ያሳየው ግን ቴምፖስ መሆኑን መካድ ይከብዳል። የናይጄሪያው የእርስ በርስ ጦርነት በ1967 ሲፈነዳ የኢግቦ ሙዚቀኞች ሌጎስን ለቀው ወጡ፤ ጁጁ የተባለው የዮሩባ ሙዚቃ ቦታውን ያዘ። ሃይላይፍ በምሥራቅ ናይጄሪያ በጊታር ባንዶች ቀጠለ።

ተመሳሳይ የቀዳሚነት ክርክር ከሃይላይፍ በወጣው በአፍሮቢት ላይም አለ። ለአፍሮቢት ስሙን የሰጠው ናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ ነው፤ ሃይላይፍ ተጫዋች ሆኖ እንደጀመረም የታወቀ ነው። የከበሮውን አካሄድ የፈጠረው ቶኒ አለን ነው። ኦርላንዶ ጁሊየስ በ1966 ሶል የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ከሃይላይፍ አዋሕዶ አልበም ስላወጣ ቀዳሚነቱን ለእሱ የሚሰጡ አሉ፤ የሴራሊዮኑን ጄራልዶ ፒኖ የሚጠሩም አይጠፉም።

የባለቤትነት ጥያቄው በ1990 ወደ ገንዘብ ተሻገረ። አሜሪካዊው ፖል ሳይመን በዚያ ዓመት ባወጣው አልበም የ«ያ አምፖንሳህ»ን ዜማ ተጠቀመ፤ የጋና መንግሥትም ዜማው የአገር ፎክሎር፣ ማለትም የሕዝብ የጋራ ቅርስ፣ ነው ብሎ ክፍያ ጠየቀ። ከዚህ የተገኘው ገቢ ለጋና ብሔራዊ ፎክሎር ቦርድ መመሥረት መነሻ ሆኗል። ፎክሎር ከተባለ ግን የአሳሬ ቤተሰብ የደራሲነት ጥያቄ ይዳከማል፤ የአሳሬ ድርሰት ከተባለ ደግሞ መንግሥት ድርሻ የለውም።

ለክርክሩ የሚጠቀሱት የቃል ምስክርነቶች አብዛኞቹ ኮሊንስ በአክራ የሰበሰባቸው ናቸው። ሸክላዎቹ፣ ፎቶግራፎቹና ካሴቶቹ የተቀመጡበት የቦኮር ቤተ መዛግብት ጥቅምት 26 ቀን 2011 በአክራ ጎርፍ ተመትቶ ከፊሉ ጠፍቷል። ከሌጎስና ከፍሪታውን ይህን የሚያህል የሙዚቀኞች ቃል በዚያ ዘመን አልተሰበሰበም፤ የጋና ወገን በየጽሑፉ ደምቆ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።