ኩሙ ሁላ፦ የሃዋይ ውዝዋዜ መምህር

ኩሙ ሁላ በሃዋይ ሁላ የተባለውን ውዝዋዜ ከነዜማውና ከነሥርዓቱ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ሴትም ወንድም ይሆናል። «ኩሙ» በሃዋይኛ መምህር ማለት ሲሆን የዛፍ ግንድም ምንጭም በዚሁ ቃል ይጠራሉ።

ትምህርት ቤቱ ሃላው ይባላል። ወጉን በሚያጠብቅ ሃላው ተማሪ በሩን ገፍቶ አይገባም። ደጅ ቆሞ በዜማ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መምህሩ ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል። ቃሉ ከተዛነፈ ዝም ነው፣ ተማሪው እንደገና ይጀምራል። ሲስተካከል በዜማ ይመልስለታል፤ ያኔ ይገባል።

ጎብኚ የሚያየው ወገብና እጅን ነው፤ መምህሩን የሚያደክመው ግን ግጥሙ ነው። እጅ የሚከተለው ቃልን ነውና፣ ግጥሙ ያልገባው ተወዛዋዥ እጁን ከማወናጨፍ አያልፍም። በዚያ ላይ ካኦና አለ፤ ለእኛ ሰምና ወርቅ ቢባል ይቀላል፦ ዝናብ ወይም አበባ ተብሎ ፍቅረኛ ይወደስበታል። መምህሩ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ቅል ተደራርቦ የተሠራውን ኢፑ ሄኬ መሬት እያስነካ በጣቶቹ እየመታ ያዜማል።

ማዕረጉ የሚገኘው ኡኒኪ በተባለው የምረቃ ሥርዓት፣ ከራስ መምህር እጅ ነው። «ማን አስተማረህ?» መባሉም ስለዚህ ነው።

ሚሲዮናውያን በ1820 እ.ኤ.አ. ከገቡ በኋላ፣ ክርስትናን የተቀበለችው ንግሥት ካአሁማኑ በ1830 ሁላ በአደባባይ እንዳይታይ ከለከለች። ንጉሥ ካላካዋ በ1883 የዘውድ በዓሉ ላይ መለሰው። የከፋው ጉዳት በኔ ግምት የ1896ቱ ሕግ ነው፤ እንግሊዝኛን የትምህርት ቋንቋ ሲያደርግ የግጥሞቹ ሥር ተነካ። ቃሉን ካቆዩት አንዷ ኢዲት ካናካኦሌ ናት። ከእናቷ ተምራ ለልጆቿ አስተላለፈች፤ በ1979 አረፈች፤ በ2023 ምስሏ በአሜሪካ የ25 ሳንቲም ገንዘብ ላይ ወጣ።

ዛሬ ታላቁ መድረክ በሂሎ ከተማ ከፋሲካ በኋላ የሚካሄደው ሜሪ ሞናርክ የተባለው የሁላ በዓል ነው፤ በ1964 ተጀምሮ በ1971 ውድድር ታከለበት። ውዝዋዜ በነጥብ መመዘኑን የማይወዱ መምህራንም አሉ።

ለአክሊልና ለአንገት ጌጥ ቅጠልና አበባ የሚለቀመው ከጫካ ነው፤ ከመቁረጥ በፊት በዜማ ፈቃድ ይጠየቃል። በቅርብ ዓመታት ግን የኦሂአን ዛፍ የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ ስለገባ፣ ብዙ መምህራን ሌሁዋ የተባለውን የዚሁኑ ዛፍ ቀይ አበባ መቅጠፍ ትተዋል። ጫካ የገባም ሲወጣ ጫማውን በአልኮል ያጸዳል።