ቀለሙ ካልተለወጠ አየሩ ንጹህ ነው ያለው ማነው?

ኬሚካል የሚለዩ ጨርቆች ላይ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። በናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች የታከሙ፣ ጋዝ ሲነካቸው ቀለማቸው የሚለወጥ ጨርቆች ናቸው። ስለነሱ የሚወራውን ስሰማ ግን ትዕግስቴ ያልቃል።

"ናኖ የማስታወቂያ ቃል ነው" ይባላል። አይደለም፣ መለኪያ ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው።

"ያው ተራ ማቅለሚያ ነው" የሚሉም አሉ። የወርቅ ቅንጣቶች ተበታትነው ሳሉ ቀይ ናቸው፤ ሲሰባሰቡ ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ይሄዳሉ። ቀለሙ የሚመጣው ከመጠናቸውና ከአቀማመጣቸው ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1857 የወርቅ ቅንጣቶች የተበተኑበትን ቀይ ፈሳሽ አጥንቶ ነበር።

"አንዴ ሲታጠብ ያልቃል" የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ላይ ላዩን ብቻ የተነከረው ይለቃል። ከጨርቁ ክር ጋር በደንብ የተያያዘው ይቆያል።

የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው፦ "ቀለሙ ካልተለወጠ አየሩ ሰላም ነው።" ሰው ይገድላል!

ጨርቁ የሚያውቀው የተዘጋጀለትን ኬሚካል ብቻ ነው። የብር ማዕድን ቅንጣት ያለበት ጨርቅ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው ድኝ ያለበት መርዛማ ጋዝ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ብሩ ከድኙ ጋር ተዋህዶ ብር ሰልፋይድ የሚባል ጥቁር ነገር ይሆናላ። ይኸንኑ ጨርቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሞላበት ክፍል ውስጥ ስቀሉት። ዝም ይላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም።

ጋዙ የሚለየው ዓይነት ቢሆን እንኳ መጠኑ ካነሰ ለውጡ ለዓይን አይታይም። አንዴ የጠቆረው ብርም በራሱ ተመልሶ አይነጣም። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ክፍት መደርደሪያ ላይ የሰነበተ ናሙና ይዞ ጋዝ ወዳለበት ክፍል ሊገባ ሲል ደረስኩ። ጨርቁ አስቀድሞ ጠቁሯል። "ገና ነው፣ ይሠራል" አለኝ። ጠቁሮ ያለቀ ጨርቅ ከዚያ ወዲያ ምን ሊነግረው ነው? እጁን ይዤ መለስኩት። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ይከብደኛል።

"ለብሼዋለሁ፣ ይጠብቀኛል" የሚለውም ያው ነው። መለየት ማጣራት አይደለም፤ ማስክ አይተካም።

ስለዚህ ስትገዙ ጠይቁ፦ የትኛውን ጋዝ ነው የሚለየው? ከስንት መጠን ጀምሮ? ስንት እጥበት ይችላል? ሻጩ ካልመለሰላችሁ ተዉት። እስክትጠቀሙበት ድረስ አየር በማያስገባ ከረጢት አሽጋችሁ ከብርሃን አርቁት። ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ ቆርጣችሁ ለብቻው አሽጉና ማነጻጸሪያ አድርጉት፤ ቀስ እያለ የሚመጣን ለውጥ ዓይን አያስተውልም። የጋዝ መመርመሪያውን መሣሪያም ይዛችሁ ግቡ።